ለተዝካር የተጫነ ብርቱካን

ፔታሕ ቲክቫ፣ ሰኞ ጧት

የተነሣሁት ለተዝካር ነው። ከሰፈሬ ከኤን ጋኒም ሰሜን ጽፋት ድረስ ሦስት አውቶቡስ እየለዋወጥኩ፣ የአባባ ገብሩ ሙት ዓመት ላይ ለመገኘት። አባባ ገብሩ ምንሽ ናቸው ብትሉኝ የባሌ አባት ናቸው። ባልሽስ የታለ ብትሉኝ ባል የለኝም፤ ከተፋታን አምስት ወራችን ነው። እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ባል ሲሄድ የባል እናትና አባትም አብረው ይሄዳሉ ወይ? ይህን የሚነግረኝ ሰው ፔታሕ ቲክቫ ውስጥ አጣሁ። ስለዚህ አማቴን እማማ ጥሩወርቅን ፊት ለፊት ልጠይቃቸው ቆረጥኩ፦ ከእንግዲህ እኔ ለእናንተ ቤት ምን ነኝ?

ፈቃድ ለማግኘት መጀመሪያ ማዛልን ማለፍ ነበረብኝ። የምሠራው የአረጋውያን ማረፊያ ቤት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው፤ ማዛል አለቃዬ ናት። የሻአሪያ ሰፈር ሰው ናት፣ ወላጆቿ ከየመን የመጡ። እጇ ፈጣን ነው፣ አፏ ደግሞ ከእጇ ይብሳል። ስጠይቃት አንሶላ እያጠፍን ነበር፤ አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን።

«የማን አዝካራ ነው?» አለችኝ። እነሱ ተዝካሩን አዝካራ ይሉታል።

«የባሌ አባት።»

«ባል የለሽም እኮ!»

«የ… የድሮ ባሌ አባት ነዋ።»

«ታዲያ እሱ ምንሽም አይደለም» ብላ አንሶላውን ሳብ አደረገችው። ፊቴን አይታ መሰለኝ ወዲያው ለዘብ አለች። «በሰደር፣ እሺ። ሦስት ቀን ውሰጂ። ሐሙስ ጧት ግን እዚህ ነሽ።»

ምንሽም አይደለም ያለችው ቃል እስከ ቤቴ ተከተለኝ። ተናግራው ባትሆን ኖሮ እኔው ለራሴ እለው ነበር።

ስለ ፍቺው ብዙ አልጽፍም። እዚህ ወረቀት ላይ ከሳሽም ተከሳሽም የለም። ባሌ የነበረው ተገኘ ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔም ክፉ አይደለሁም፣ ምላሴ ትንሽ ይፈጥናል እንጂ። አገር ቤት ሳለን እርሻው፣ ከብቱ፣ ዘመዱ በመካከላችን ነበር። እዚህ እስራኤል መጥተን ሁለታችን ብቻ አንድ ሳሎን ውስጥ ስንፋጠጥ የምንባባለው አጣን። በመጨረሻ ራባኑት፣ የረቢዎቹ ፍርድ ቤት፣ ሄደን የፍቺ ወረቀታችንን ተቀበልንና እሱ ወደ ሐይፋ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ።

የከበደኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወጥ ስሠራ ሁልጊዜ ለሁለት ሰው ይሆናል። ሥራ ቦታ አንሶላ የሚታጠፈው በሁለት ሰው ነው፤ ቤቴ ገብቼ የራሴን ለብቻዬ ላጥፍ ስል አንዱ ጫፍ መሬት ይጎተታል፣ እናደድና ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ እወረውረዋለሁ። ሰርግ ስጠራ አልሄድም፤ ሴቶቹ ቀስ ብለው «አይዞሽ» ሲሉኝ ያንገበግበኛል። ሰው እንዴት አይዞሽ በተባለ ይናደዳል? እኔ ተናደድኩ።

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው የተነሣሁት። ከገበያ አንድ ከረጢት ብርቱካን ገዝቻለሁ። አባባ ገብሩ እዚህ አገር ከገቡ በኋላ ከምግቡ ሁሉ የወደዱት ብርቱካን ነበር፤ ልጣጩን ሳይቀር ኪሳቸው ከትተው ቀኑን ሙሉ ሲያሸቱት ይውሉ ነበር። ጽፋት ደግሞ ብርድ ነው፣ ብርቱካን አይበቅልበትም። ለተዝካሩ ከፔታሕ ቲክቫ ብርቱካን ይሻላል ብዬ ከረጢቱን እግሬ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ከተማውን ለቆ እርሻው መሐል ሲገባ ዛፎቹ ግራና ቀኝ ፍሬያቸውን እንደያዙ ነበሩ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው፤ ዜና ሲነገር ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ይላል፣ ዜናው ሲያልቅ ሁሉም እኩል ማውራት ይጀምራል።

አፉላ

በዋዲ አራ በኩል ሄደን እኩለ ቀን ገደማ አፉላ ደረስን። ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ዳርቻው ላይ የለውዝ ዛፍ አብቧል። የመጀመሪያውን አውቶቡስ እዚህ ለወጥኩ። ጣቢያው አጠገብ ሁሉም ሰው የሱፍ ፍሬ ይቆረጥማል፤ መሬቱ ገለባ በገለባ ነው።

ፈላፍል፣ በቂጣ የተጠቀለለ የሽምብራ ጥብስ፣ የሚሸጥ ሰው ጋ ሄድኩ። አንዱ በአዲሱ ገንዘብ አንድ ሸቀል ተኩል ነው። ባለፈው ዓመት ሺህ አምስት መቶ ይሉን ነበር፤ አሁን ዜሮዎቹን ቆርጠው ጥለዋቸዋል፣ ደግ አደረጉ። «ስንት?» ሲለኝ «ሁለት» አልኩት።

ሁለቱን አቀበለኝና «ባልሽ የት አለ? ይቀዘቅዝበታል» አለኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። አፌ ለምዶ ነው ሁለት ያለው። በአንድ እጄ አንድ፣ በሌላው እጄ አንድ ይዤ ጣቢያው መሐል ተገትሬ ቀረሁ። እንባዬ መጣ። ከዚያ ደግሞ ራበኝና ሁለቱንም በላኋቸው። ምን ላድርግ ታዲያ፣ ልጥለው ነው?

ወደ ጥብርያ የሚወስደው አውቶቡስ ላይ ከወጣሁ በኋላ ስለ አባባ ገብሩ አሰብኩ። ለምን ይህን ያህል መንገድ እንደምሄድ አንባቢ ማወቅ አለበት። እኛ በእግር ሱዳን ወጥተን፣ እዚያ የስደተኛ መጠለያ ውስጥ ሳለን፣ የስምንት ወር ልጄ በተቅማጥ ሞተችብኝ። ሌላ ልጅ አልወለድኩም። ያን ቀን ተገኘ ራሱ ታሞ ተኝቷል፤ እኔ አእምሮዬን ስቻለሁ። ልጄን ከእቅፌ ወስደው የቀበሩልኝ አባባ ገብሩ ናቸው። በእኛ ደንብ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል። መጠለያው ውስጥ ደንቡን የሚጠብቅ ሰው እየቀነሰ ነበር፣ እሳቸው ግን ጠበቁት። ከአንድ ግራር ሥር ለብቻቸው ሰባት ቀን ተቀመጡ። በስምንተኛው ቀን ታጥበው መጥተው «ደህና ቦታ ነው ያስተኛኋት» አሉኝ። እንግዲህ ማዛል «ምንሽም አይደለም» ያለችኝ ሰው ይህ ነው።

ከጥብርያ በላይ

ጥብርያ ላይ ሁለተኛውን አውቶቡስ ለወጥኩ። ባሕሩ ከታች ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ ከጣና ያንሳል፣ ግን ጣናን ጣናን ይለኛል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የሴት ነገር ነው። ወንድ አንባቢ ከፈለገ ይዝለለው፤ ቢያነበውም አይገድለውም።

አውቶቡሱ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ወገቤን ቆረጠኝ። አወቅሁት። ቀኑ ገና ነበር፣ ግን ከፍቺው ወዲህ የእኔ አካል ቀን መቁጠር ትቷል። «ወይኔ፣ ዛሬ!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ አጠገቤ ያለው ወታደር ደንግጦ አየኝ።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ በቤተ እስራኤል ደንብ ሴት ደሟ ሲመጣ ከቤት ትወጣለች። አገር ቤት መንደሩ ዳር የመርገም ጎጆ አለች፣ ዙሪያዋን ድንጋይ የተደረደረባት። ምግብ የሚያመጣ ሰው ድንጋዩ ዳር አስቀምጦ ይመለሳል፤ እጅሽን አይነካም። የነካሽ ሰው፣ ወይም አንቺ የነካሽውን የተቀበለሽ፣ እሱም ከቤት ይወጣል፤ ታጥቦ እስኪመሽ አይገባም። ሰባት ቀን እንዲህ ነው። ስሟ ክፉ ነው፣ ግን እውነቱን ልናገር፦ በሕይወቴ ያረፍኩት እዚያች ጎጆ ውስጥ ነው። ውሃ ቅጂ የለ፣ ፍጪ የለ፤ ሦስት አራት ሴት ሆነን እግራችንን ዘርግተን ባሎቻችንን ስናማ እንውላለን።

ፔታሕ ቲክቫ ጎጆ የለም። ከተገኘ ጋር ሳለን በእነዚያ ቀናት በረንዳ ላይ እተኛ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ የምርቀው ሰው ስለሌለ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ቤቱ በሙሉ ጎጆ ሆነብኝ፣ ሴቶቹ ብቻ የሌሉበት።

አሁን ደግሞ ይኸው ለተዝካር ደርሼ ቤት ልገባ አልችልም። ብርቱካኑንም ነክቼዋለሁ። ያን ሁሉ መንገድ ለጥያቄዬ መልስ ፍለጋ መጥቼ ደጅ ልቀር ነው አልኩና በእግዜር ላይ ሳይቀር ተናደድኩ።

ጽፋት፣ ሰኞ አመሻሽ

እማማ ጥሩወርቅ የሚኖሩት መርካዝ ክሊታው ውስጥ ነው፤ አዲስ መጤ የሚቀመጥበት ትልቅ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ። እኔ ግቢው መሐል ቆምኩ። መስኮቶቹ በርተዋል፣ የሰው ድምፅ ይሰማል። ተገኘ በረንዳ ላይ ወጣና አየኝ። ከተፋታን ወዲህ ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው። ከስቷል።

«ትርንጎ! መጣሽ? ግቢ እንጂ፣ ብርድ ነው።»

«አልገባም» አልኩት።

የበረንዳውን ብረት ያዘ። «በእኔ ምክንያት ከሆነ እኔ ጎረቤት አድራለሁ። እማዬ ስትጠብቅሽ ነው የዋለችው፤ እባክሽ ግቢ።»

ከኋላው ሁለት ሦስት ወንዶች አንገታቸውን ብቅ አድርገዋል። ምን ብዬ ልጩህ? አገር ቤት ማንም አይናገርም፤ ወደ ጎጆዋ ስትሄጂ መንደሩ አይቶ ያውቃል። እዚህ ጎጆ የለ፣ የሚያየኝም የለ። «አልገባም አልኩህ እኮ!» አልኩ ተናድጄ። ከወንዶቹ አንዱ «ኩርፊያ ለተዝካር?» ሲል ሰማሁት።

ተገኘ ግን ፊቴን አላየም፤ የቆምኩበትን አየ። ከደረጃው ርቄ፣ ከረጢቴን ከግድግዳው አርቄ፣ እጄን ሰብስቤ ነው የቆምኩት። ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሯል።

«እሺ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለእማዬ እነግራታለሁ። ከሕንፃው ጀርባ ክፍል አለች፣ ሴቶቹ እዚያ ናቸው። ብርድ ልብስ አወርድልሻለሁ።»

አወረደልኝ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ አስቀመጠና ወደ ኋላው ሸሸ።

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«አለሁ። ምግብ ማብሰል እየተማርኩ ነው።»

«ጎረቤቶችህን እግዜር ይጠብቃቸው!» አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ብርድ ልብሱን አንሥቼ ስሄድ አለቀስኩ። እንዲመለስ ፈልጌ አይደለም፤ ብንመለስ ያው ዝምታ ነው። ግን ሳልናገር የገባው ሰው ባሌ ባይሆንም ጠላቴ አልሆነም፤ ይህን ማወቄ ደረቴን ቀለል አደረገው።

ክፍሏ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ቤት ናት። የመርካዙ ሰዎች ቁልፉን የሰጡት ሴቶቹ ልብስ ሊሰፉባት መስሏቸው ነው። ሽታዬ የምትባል ተጫዋች ወጣት ሴትና አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ፍራሽ አንጥፈው፣ ማሞቂያ አብርተው ተቀምጠዋል።

«ከረጢቱ ምንድን ነው?» አለች ሽታዬ።

«ለተዝካር ያመጣሁት ብርቱካን። አሁን ግን ነክቼዋለሁ።»

«እሰይ! ከእኛ በቀር የሚበላው የለማ!» ብላ ከረጢቱን ፈታችው። ብርቱካን እየላጥን ሽታዬ ስለ ባሏ እያማች አሳቀችን። እኔም ተራዬ ሲደርስ የማማው ባል የለኝም አልኳት። «ታዲያ የድሮውን እሚው፣ እሱ አይቆጠርም እንዴ?» አለች። ሁለቱን ፈላፍል ነገርኳቸው። ሴትዮዋ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ግድግዳውን ደገፍ እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ አምስት ወር ሙሉ የሸሸኝ እንቅልፍ።

ማክሰኞ፣ ተዝካሩ

ጧት ላይ ቄሱ መጡ። ጸሎቱን በግዕዝ ሲያደርሱ ግቢው ድረስ ይሰማል፤ እኔ ከአንዲት የለውዝ ዛፍ ሥር ቆሜ አዳመጥኩ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። የሚያውቁኝ ከሩቅ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ይሰጡኛል። የአባባ ገብሩ ስም ሲጠራ ልቤ ተሰበረ። ቦታዬ እዚያ ውስጥ፣ ከእማማ አጠገብ ነበር። ይህን ቦታ ደሜ ነው የከለከለኝ ወይስ ፍቺው? ማወቅ አልቻልኩም።

ቡራኬው አልቆ መብል ሲጀመር እማማ ጥሩወርቅ ራሳቸው ደረጃውን ወረዱ። በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው ዳቦና ሥጋ ያለበት ሳህን። ዓመቱ አስረጅቷቸዋል። እንደ ደንቡ ሳህኑን ራመድ ብለው ከፊቴ መሬት ላይ አስቀመጡና ቀና አሉ።

«አምስት ወር ሙሉ ድምፅሽ ጠፋ» አሉኝ። «ታመሽ ነው?»

«አልታመምኩም፣ እማማ።»

«ታዲያ?»

ጥያቄው እንዳሰብኩት አልወጣም፤ እንደ ልጅ እያለቀስኩ ነው የተናገርኩት። «ምን ብዬ ልምጣ? ተገኘ ከተለየኝ ወዲያ ማን ነኝ ብዬ ደጃችሁን ልርገጥ? የልጅ ልጅ እንኳ የለኝም እኮ የማሳይዎ!»

እማማ ጥሩወርቅ ምርኩዛቸውን ወደ በረንዳው ቀሰሩት። «አንች ልጅ፣ የፈታሽ እሱ ነው። እኔ መቼ ፈታሁሽ?»

ዓይኔን በእጄ ጀርባ ጠረግሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ብርቱካን አምጥታለች አለኝ ተገኘ። የታለ?»

«ክፍሉ ውስጥ አለ… ጥቂት ቀርቷል። ግን ነክቼዋለሁ፣ እማማ።»

«መንካትሽን መች ጠየቅሁሽ። አምጭው።»

አንድ ብርቱካን ይዤ ተመለስኩ። ሳህኑ አጠገብ መሬት ላይ ላስቀምጥ ጎንበስ ስል «እንዲያ አይደለም» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቁልቁል ያያል። ብርቱካኑን መዳፋቸው ላይ ሳደርግ ጣቶቼን ከነብርቱካኑ ያዟቸው፤ አጥብቀው ያዟቸው።

«እማማ! ነኩኝ እኮ!»

«ዓይኔ እያየ ነው የነካሁሽ።»

ተገኘ ከላይ ጮኸ። «እማዬ! ቄሱ ሊሄዱ ነው፣ ሰው ሁሉ አንቺን ይጠብቃል!»

«ይሂዱ፣ በሰላም ይግቡ በልልኝ» አሉት። «እኔ እስኪመሽ አልገባም።»

የባላቸው ተዝካር ነው፣ ቤታቸው ሞልቷል፤ እሳቸው ግን ከለውዟ ሥር አጠገቤ ቁጭ አሉ። እኔ በድንጋጤ ማልቀሴን ረሳሁ። «ሰው ምን ይላል?» አልኳቸው።

ብርቱካኑን ቀስ ብለው ላጡ። «ገብሩ ልጅሽን ሲቀብር ሰባት ቀን ደጅ ተቀምጧል። እኔ በሱ ተዝካር እስኪመሽ ብቀመጥ ምን አለበት?» ግማሹን ሰጡኝ፣ ግማሹን በሉ። ልጣጩን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

እስኪመሽ አወራን። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጽፋት ብርድ፣ ስለ ማዛል። «ይችን የመናዊት አንድ ቀን ማየት አለብኝ» አሉ። ተገኘ ሁለት ጊዜ ውሃ አምጥቶ ደረጃው ላይ አስቀመጠ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ እማማ ሊታጠቡ ተነሡ፤ እኔ ወደ ሽታዬ ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ መልስ

ጧት እማማ ታጥበው፣ ንጹሕ ለብሰው ግቢው ድረስ ወጡ። በዚህ ቀን አልነኩኝም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። «ለፋሲካ አንች ጋ ነኝ» አሉኝ። «በረንዳ አለሽ አይደል?»

«አለኝ።»

«በል እንግዲህ፣ ሸኛት» አሉ ወደ ተገኘ ዞረው። አራት እርምጃ ያህል ተራርቀን እስከ ጣቢያው ሄድን። ምግብ ስለማብሰሉ አፌዝኩበት፤ ደህና ሁኚ አለኝ፣ ደህና ሁን አልኩት። የሚያም ነገር አልነበረበትም።

አውቶቡሱ ቁልቁል ሲወርድ ይህን አሰብኩ። ጎጆዋ ውስጥ ስንቀመጥም ከቤት ተለይተን ነበር፤ ግን ድንጋዩ ዳር ሳህን የምታስቀምጥ ሴት ነበረች። እኔ አምስት ወር ሙሉ ከድንጋዩ ወዲያ ማንም የለም ብዬ፣ አይዞሽ ያለኝን ሁሉ እያባረርኩ ተቀምጬ ነበር። ብቸኝነቱ ገና አለ፤ ዛሬም ቤቴ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ነገር ግን ኤን ጋኒም ውስጥ ከእኔ ሕንፃ ማዶ ሁለት የጎንደር ሴቶች አሉ፣ በእነዚያ ቀናት ደረጃ ላይ ሲቀመጡ አያቸዋለሁ። የእኔ በረንዳ ለሦስት ሰው ይበቃል። እነግራቸዋለሁ።

አፉላ ላይ ፈላፍል ገዛሁ፣ አንድ። ፔታሕ ቲክቫ ስገባ ገና አልጨለመም፤ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ የጠቀለልኩትን አንሶላ አወጣሁና አልጋው ላይ ዘርግቼ አነጠፍኩት።

ሐሙስ ጧት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ማዛል የአንሶላውን አንድ ጫፍ ወረወረችልኝ።

«ደህና ተመለስሽ? የማን አዝካራ ነበር ያልሽኝ?»

«የአባቴ» አልኳት።

«የድሮ ባልሽ አባት አላልሽም ነበር?»

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው» አልኩና ጫፌን ይዤ ወደ እሷ ተራመድኩ።